ቡልዶግስ አይፈርስም፦ ሲዞር ለሰነበተው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን ሜልቦርን ባለነው ሀበሾች መሃል ስለ ፉትስክሬዩ የአውስትራሊያ ፉትቦል (ፉቲ) ክለባችን ስለ ዌስተርን ቡልዶግስ የተጻፈ አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ ሲዞር ሰነበተ። ለኔም ብዙ ሰው ነው የላከልኝ፣ አብዛኛው "እውነቱን ተናገረልን" እያለ። ሰውየው ፉቲ ያውቃል፣ ጨዋታ ቁጭ ብሎ ያያል፣ ክለቡንም ይወዳል፣ ይሄ ያስታውቃል። ግን የደረሰበት መደምደሚያ ትክክል አይመስለኝም፣ ዝም ብዬ ላልፈውም አልቻልኩም።

በመጀመሪያ ያለውን እንዳለው ላስቀምጥ፣ ሰው ያላለውን ብሏል ብሎ መልስ መስጠት ነውር ነው። ጽሑፉ የሚለው እንዲህ ነው፦ የ2016ቱ ዋንጫ ዕድል ነበር፣ አሰልጣኙ ሉክ ቤቨሪጅ እስከ ዛሬ በዛ ዋንጫ ስም ነው የሚኖረው፣ መሰናበት አለበት። በ2025 14 ጨዋታ ያሸነፍነው ደካማ ቡድኖችን ስለደበደብን ነው፣ ጠንካራ ሲመጣ እንወድቃለን። ሃንድቦል እናበዛለን፣ የሚያሸንፈን እሱ ነው። ቡድኑ ያለ ኮከቡ ማርከስ ቦንተምፔሊ ባዶ ነው። አጥቂዎቹ ሳም ዳርሲና ኤረን ኖውተን ፊት ላይ ይጋፋሉ፣ አንዱ በትሬድ (በተጫዋች ልውውጥ) ይሂድ። ጥሩ ጥሩ ተጫዋቾች የለቀቁት በአሰልጣኙ ምክንያት ነው። መጨረሻ ላይ ደግሞ "ለመሆኑ ይሄ ጨዋታ ከመቼ ጀምሮ ነው የኛ የሆነው፣ ልጆቻችን እግር ኳስ ቢጫወቱ አይሻልም ወይ" ብሎ ይዘጋል።

ጨዋታውን ለማታውቁት ባጭሩ፦ ሜዳው እንቁላል ቅርጽ ነው፣ በአንድ ወገን 18 ሰው ይጫወታል፣ በሁለቱ መሃለኛ ምሰሶዎች መሃል በእግር የገባ ጎል 6 ነጥብ ነው፣ ከጎን ያለፈ ደግሞ ቢሃይንድ ይባላል፣ 1 ነጥብ። ኳስ መወርወር ክልክል ነው፣ ወይ በእግር ትመታለህ ወይ በአንድ እጅህ ይዘህ በሌላው ቡጢ ትመታለህ፣ እሱ ነው ሃንድቦል። አራት ሩብ አለ። በ2025 18 ክለብ ተወዳድሮ ከላይ ያሉት 8ቱ ናቸው ፋይናልስ (ዋንጫው የሚለይባቸው የመጨረሻ ጨዋታዎች) የገቡት፣ እኛ 9ኛ ወጣን። ንዴቱ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው፣ ይሄን ንዴት እኔም እጋራዋለሁ።

አሁን ወደ 2016 እንሂድ። ጽሑፉ "7ኛ ወጥቶ ዋንጫ የበላ ቡድን ዕድለኛ ነው" ይላል፣ ከፋይናልስ በፊት በዛው ዓመት የተጀመረው የሳምንት ዕረፍትም ጠቀማቸው ይላል። ዕረፍቱ ጠቅሞናል፣ ተጎድተው የነበሩ ልጆች ተመልሰዋል፣ ይሄን እቀበላለሁ። ግን ዕረፍቱ ለሁሉም ነበር'ኮ! ከዛ በኋላ የሆነውን ደግሞ እንየው። መጀመሪያ ፐርዝ ድረስ ሄደን ዌስት ኮስትን በሜዳው በ47 ነጥብ አሸነፍን፣ ዌስት ኮስት ያለፈው ዓመት ግራንድ ፋይናል (የዋንጫውን ጨዋታ) የተጫወተ ቡድን ነበር። ቀጥሎ ሃውቶርን፣ የ2013ን የ2014ን የ2015ን ዋንጫ በተከታታይ የበላ ቡድን፣ እሱንም አስወጣን። ቀጥሎ ሲድኒ ሄደን ጃያንትስን በ6 ነጥብ፣ ከዛ ኤምሲጂ (የሜልቦርን ትልቁ ስታዲየም) ላይ በሰንጠረዡ 1ኛ የነበረውን ሲድኒ ስዋንስን 89 ለ67። አራት ጨዋታ፣ ሁለቱ ከክፍለ ሀገራችን ውጪ፣ አንዱም በቀላል ቡድን ላይ አይደለም። አንድ ጨዋታ በዕድል ማሸነፍ ይቻላል እሺ፣ አራቱን በተከታታይ እንዲህ ባለ መንገድ ማሸነፍ ዕድል ከተባለ ግን ችሎታ የምንለው ነገር ምን ሊሆን ነው?

የአሰልጣኙ ጉዳይ ላይ ደግሞ ጽሑፉ አንድ ትልቅ ነገር ሳያነሳ አልፏል፣ የክለቡን ታሪክ። ክለባችን ያኔ ፉትስክሬይ እየተባለ ትልቁ ሊግ የገባው በ1925 ነው። ከዛን ጊዜ እስከ ዛሬ ግራንድ ፋይናል የደረሰው አራት ጊዜ ብቻ ነው፦ 1954፣ 1961፣ 2016፣ 2021። አራት! ከነዚህ ሁለቱ የቤቨሪጅ ናቸው። የመጀመሪያው ዋንጫ በ1954 መጣ፣ ሁለተኛው ከ62 ዓመት በኋላ በሱ እጅ። መሃል ላይ ከ1985 እስከ 2010 ሰባት ጊዜ ግራንድ ፋይናል ደጃፍ ላይ ወድቀናል፣ የ1997ቱን በ2 ነጥብ፣ የድሮ ደጋፊዎች እስካሁን ሲያወሩት ፊታቸው ይቀየራል። በ1989 ደግሞ ጭራሽ ከፊትዝሮይ ጋር ተዋህዶ ሊጠፋ ሲል የሰፈሩ ሰው ገንዘብ አዋጥቶ ነው ያዳነው። እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው ክለብ በአንድ አሰልጣኝ ሁለት ግራንድ ፋይናል ሲያይ "በድሮ ስሙ ነው የሚኖረው" ማለት ተገቢ አይመስለኝም፣ 2021ም እኮ በአምስት ዓመት ልዩነት፣ ከግማሽ በላይ በተለወጠ ቡድን የመጣ ነው።

ይሄን ስል ሁሉም ደህና ነው እያልኩ አይደለም። ከ2021 ወዲህ አንድም የፋይናልስ ጨዋታ አላሸነፍንም፣ ጽሑፉ ይሄን ማንሳቱ ልክ ነው። በ2022 ፐርዝ ላይ ፍሪማንትልን በ41 ነጥብ እየመራን ተሸነፍን፣ በ2023 9ኛ ወጣን፣ በ2024 በሃውቶርን በ37 ነጥብ ተሸንፈን ወጣን፣ በ2025 እንደገና 9ኛ። ይሄ ለቡልዶግስ ደጋፊ የሚዋጥ አይደለም። ከ2026 ጀምሮ 9ኛና 10ኛ የወጡትም ተጨማሪ ዕድል እንዲያገኙ ተወስኗል፣ 7ኛው ከ10ኛው 8ኛው ከ9ኛው ይጋጠማሉ፣ ግን እኔ በዛ አልጽናናም፣ ይሄ ቡድን ከአራቱ አንዱ መሆን የሚገባው ቡድን ነው። ጥያቄው የተበላሸው ምንድነው የሚለው ነው። ጣሪያው የሚያፈስ ቤት ቆርቆሮው ይቀየራል እንጂ ቤቱ አይፈርስም።

"ደካማ ብቻ ነው የምታሸንፉት" የሚለውን እንየው። ግማሹ እውነት ነው። በ2025 ከላይ ካሉት ቡድኖች ጋር ስንገናኝ አብዛኛውን ተሸንፈናል፣ የመጨረሻውን ዙር ጨምሮ፣ ፍሪማንትል በሜዳችን ማርቭል ስታዲየም አሸንፎን እሱ ገባ እኛ ቀረን። ይሄን ማንም አይክድም። ግን ጽሑፉ ከዚህ ተነስቶ "ስለዚህ 14ቱ ድል ዋጋ የለውም" ይላል፣ እዚህ ላይ ነው የማልስማማው። ደካማን ማሸነፍ በራሱ ቀላል ቢሆን ኖሮ በ2023 ለምን ፋይናልስ ሳንገባ ቀረን? በዛ ዓመት ሊጠናቀቅ ሁለት ዙር ሲቀረው ዌስት ኮስት፣ የሰንጠረዡ መጨረሻ ላይ የነበረው፣ እዚሁ ሜልቦርን መጥቶ በ7 ነጥብ አሸነፈን፣ ያን አንድ ጨዋታ ብናሸንፍ ኖሮ እንገባ ነበር። ያኔ "እነዚህ ልጆች ደካማ ቡድን ሲያገኙ ይተኛሉ" ተብሎ ተሰደብን። በ2025 ደግሞ አልተኙም፣ ደካማውን እንደሚገባው ቀጡት፣ አሁን ደግሞ ደካማ ብቻ ነው የሚያሸንፉት ተባለ። ሁለቱም ወቀሳ በአንድ ጊዜ ልክ ሊሆን አይችልም።

ፐርሰንቴጁንም ጽሑፉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው ያለፈው። ፐርሰንቴጅ ማለት ያስቆጠርከው ለተቆጠረብህ ተካፍሎ በመቶ ሲባዛ ነው። የኛ በ2025 ከ130 በላይ ነበር፣ ከላያችን ሆነው ፋይናልስ ከገቡት ውስጥ ከብዙዎቹ ይበልጣል። ይሄ ብቻውን ዋንጫ አያመጣም፣ አውቃለሁ፣ ሰፊ ድሎች አሳብጠውታል። ግን የማይችል ቡድን እንዲህ ያለ ቁጥር አያመጣም። ፍጻሜው ላይ የጎደለ ነገር አለው እንጂ ከሥሩ የበሰበሰ ቡድን አይደለም።

ታዲያ የጎደለው ምንድነው? ጽሑፉ "ሃንድቦል" ይላል፣ እኔ ደግሞ ከኋላ ነው እላለሁ፣ ዋናው ልዩነታችን እዚህ ነው።

ሃንድቦሉን እንየው። የ2016ቱ ቡድን ዋናው መሣሪያው ሃንድቦል ነበር። ሰው በተጠቀጠቀበት ቦታ፣ ታክል እየተደረጉ፣ ከእጅ ወደ እጅ ከእጅ ወደ እጅ እያደረጉ አንድ ነፃ ሰው እስኪወጣ ድረስ፣ ከዛ እንደ ጄሰን ጆሃኒሰን ያለ ሯጭ ኳሷን ይዞ ይነጉዳል፣ እሱ ነው የግራንድ ፋይናሉ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ ኖርም ስሚዝ ሜዳሊያ የወሰደው። ያኔ ሁሉም ሰው "ይሄ አዲስ ፉቲ ነው" ብሎ አጨበጨበ። ስለዚህ ሃንድቦል ብቻውን በሽታ ሊሆን አይችልም፣ ያው ሃንድቦል ነው ዋንጫ ያመጣው። ጽሑፉ ላይ ልክ የሆነ ነገር አለ ግን፣ ወደ ጎን የሚደረግ፣ ቆሞ ለቆመ ሰው የሚሰጥ ሃንድቦል አንዳንዴ እናበዛለን፣ እሱን እኔም ስታዲየም ተቀምጬ "ምታው!" እያልኩ የምጮህበት ነው።

ዋናው ነገር ግን የሃንድቦሉ ብዛት ሳይሆን ሰንሰለቱ ሲበጠስ ማን ከኋላ አለ የሚለው ነው። እኛ ስንወጣ ሁላችንም ነው የምንወጣው። ቤይሊ ዴል ከኋላ ይሮጣል፣ ሌሎቹ ሃፍባኮችም (ከኋላ ተነስተው ኳስ የሚያወጡት ተከላካዮች) አብረው ይሮጣሉ፣ አማካዮቹ ከፊታቸው አሉ፣ ሲሳካ የሚያምር ነገር ነው፣ ማንም ሊይዘን አይችልም። መሃል ሜዳ ላይ ተርንኦቨር ሲሆን፣ ኳሷን ስንነጠቅ ግን ሰባት ስምንቱ ሰዎቻችን ከኳሷ ፊት ናቸው፣ ተቃራኒው አንድ ረጅም ኪክ ይመታል፣ ከኋላ አንድ ለአንድ የቀረ ተከላካይ ብቻ ነው ያለው፣ እሱም ከሚይዘው አጥቂ ያጥራል። ደካማ ቡድን ያን ኪክ አያገኘውም፣ ፕሬሸር ሲበዛበት ራሱ ይሳሳታል። ጠንካራው ያገኘዋል። ከደካማ ጋር በሰፊው የምናሸንፍበትና ከጠንካራ ጋር የምንሸነፍበት ምክንያት አንድ ነው ማለት ነው፣ ጽሑፉ ሁለት የተለያየ በሽታ አድርጎ ያየው ነገር።

ሌላ ምሳሌ ልጨምር፣ የሚያም ቢሆንም። የ2021 ግራንድ ፋይናል ፐርዝ ላይ በሦስተኛው ሩብ ሜልቦርንን በ19 ነጥብ እየመራን ነበር። ከዛ ወዲያ እነሱ 100 ነጥብ ሲያስቆጥሩ እኛ 7፣ 140 ለ66 አለቀ። ያን ቀን የገደለን ሃንድቦል ነበር? አይደለም። ሜልቦርኖች ሦስተኛው ሩብ ሊያልቅ ሲል ከሴንተር ባውንስ (ጨዋታው ከመሃል ሜዳ እንደገና ሲጀመር) እያወጡ ቀጥታ ፊት እየመቱ ጎል በጎል ላይ ደረደሩብን። ከ2019 ጀምሮ ባለው ደንብ ሴንተር ባውንስ ሲሆን እያንዳንዱ ቡድን 6 ከኋላ 6 መሃል 6 ፊት አድርጎ መቆም አለበት፣ ከኋላ ሰው መጨመር አትችልም። መሃሉን ከተሸነፍክ 6ቱ ተከላካዮችህ ብቻቸውን ናቸው። እኛ ደግሞ ለብዙ ዓመት ብቻቸውን የሚቆሙ ረጃጅም ተከላካዮች አጥሮናል፣ ፎርዋርድ (አጥቂ) ሆኖ የመጣውን ሮሪ ሎብን በ2024 ወደ ኋላ የወሰድነውም ለዚህ ነው። ይሄ የቤቨሪጅ ጥሩ ሐሳብ ነበር፣ ሎብም አላሳፈረውም። ግን አንድ ክለብ ፎርዋርዱን ባክ እያደረገ ሲሸፍን የተከላካይ ምልመላው ላይ ችግር አለ ማለት ነው፣ ወቀሳ ካስፈለገ ወደዚህ ይሂድ።

ቦንተምፔሊ ላይ ብዙ አልቆይም። በሊጉ ካሉት ምርጦች አንዱ ነው፣ ማንም ቡድን እንዲህ ያለ ሰው ሲያጣ ይጎዳል። ግን 2025 ሲጀመር በባት ጉዳት ለሳምንታት አልተጫወተም፣ ያለ እሱ ኖርዝ ሜልቦርንንም ካርልተንንም አሸንፈናል። መጀመሪያ ተከላካይ የነበረው ኤድ ሪቻርድስ አማካይ ሆኖ ምን እንደሠራ ያየ ሰው፣ ቶም ሊበራቶሬ በየጥቅጥቁ ውስጥ ገብቶ ኳስ ሲያወጣ ያየ ሰው፣ "ያለ ቦንት ባዶ" አይልም።

ዳርሲና ኖውተን ይጋፋሉ የሚለው ደግሞ ጭራሽ የገረመኝ ነው። ዳርሲ 208 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ወጣት ነው፣ በየክለቡ እንዲህ ያለ ልጅ ቢገኝ ሳያስቡ ይወስዱት ነበር። አንዳንዴ አንድ ኳስ ላይ ሁለቱም ይዘላሉ፣ እውነት ነው፣ ያ የሚስተካከለው በልምምድ ነው እንጂ አንዱን በማባረር አይደለም። አንድ ረጅም ፎርዋርድ ብቻ ሲኖርህ ተቃራኒው ሁለት ሰው ይደርብበታል፣ በቃ ተዘጋ። ሁለት ሲሆኑ አንዱ አንድ ለአንድ ይቀራል። በአየር ላይ ሳትያዝ የወደቀች ኳስ ደግሞ ለራይሊ ዌስት ዓይነቱ አጭርና ፈጣን ልጅ ናት። (ዳርሲ የሉክ ዳርሲ ልጅ ነው፣ ዌስት የስኮት ዌስት፣ ሊበራቶሬ የ1990ን ብራውንሎ (የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ሜዳሊያ) ያሸነፈው የቶኒ። አባቶቻቸው የለበሱትን ማልያ ነው የሚለብሱት፣ እኔ ይሄን ክለብ የምወድበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።)

ተጫዋቾች ለቀቁ ለሚለው፣ አዎ ለቀቁ፣ ያማልም። ጆሽ ደንክሊ ብሪዝበን ሄዶ የ2024ንም የ2025ንም ዋንጫ በላ። በ2024 መጨረሻ ቤይሊ ስሚዝ ወደ ጂሎንግ፣ ጃክ ማክሬ ወደ ሴንት ኪልዳ፣ ኬሌብ ዳንኤል ወደ ኖርዝ። ስሚዝ ጂሎንግ ላይ እንዴት እንደተጫወተ አይተናል፣ እሱን ማጣት ከባድ ነው። ግን አራቱን ሰብስቦ "አሰልጣኙ ነው ያባረራቸው" ማለት የእያንዳንዱን ጉዳይ ሳያዩ ፍርድ መስጠት ነው። በዚህ ሊግ በየዓመቱ ከሁሉም ክለብ ሰው ይለቃል፣ ለጨዋታ ጊዜ የሚለቅ አለ፣ ለቤተሰብ የሚለቅ አለ፣ ለኮንትራት የሚለቅ አለ። ቤቨሪጅ ከተጫዋቾቹ ጋር ስላለው ነገር ከተወራ እኔ የማነሳው አንድ ነገር ነው። በ2016 አምበሉ ቦብ መርፊ ገና ሲዝኑ ሲጀመር ጉልበቱ ተጎድቶ ዓመቱን ሙሉ ዳር ተቀምጦ አየ። ዋንጫው የተበላ ዕለት ቤቨሪጅ መድረክ ላይ ጠርቶ የራሱን የአሰልጣኝ ሜዳሊያ አውልቆ አንገቱ ላይ አጠለቀለት፣ መቶ ሺ የሚጠጋ ሰው ፊት። ተጫዋች የማይወድ አሰልጣኝ እንዲህ አያደርግም።

የመጨረሻው ነጥብ፣ "የኛ ጨዋታ አይደለም" የሚለው፣ ከሁሉም በላይ እሱ ነው ያስጻፈኝ። ወንድሜ፣ ፉትስክሬይ እኮ ነው የምናወራው! ኒኮልሰን ስትሪት ላይ ቡና የምንጠጣበት፣ እንጀራ የምንገዛበት፣ ለቅሶም ሰርግም የምንጠራራበት ሰፈር፣ ዊተን ኦቫል ከዛ ብዙ አይርቅም፣ ክለቡ አሁንም ልምምድ የሚሠራው እዛው ነው። አባትና እናት ከአገር ይዘውት የመጡት እግር ኳስን ነው፣ እኔም ቅዳሜ ማታ ፕሪሚየር ሊግ አያለሁ፣ አንዱ ሌላውን አያስቀርም። እዚህ የተወለዱ ልጆቻችን ግን ትምህርት ቤት ውስጥ ሰኞ ጠዋት የሚያወሩት ስለ ፉቲ ነው፣ ቀይ ነጭ ሰማያዊውን ስካርፍ አድርገው ሲሄዱ የሰፈሩ ልጆች ሆነው ነው የሚሄዱት። ካርቱም የተወለደው ማጃክ ዳው ለኖርዝ ሜልቦርን ሲጫወት፣ ደቡብ ሱዳን የተወለደው ቡኩ ካሚስ የኛን የቡልዶግስን ማልያ ለብሶ ከኋላ ሲከላከል፣ "ይሄ የናንተ አይደለም" ያላቸው ሰው ጠፍቶ አይደለም፣ ግን ተጫወቱ። ሴቶቹም አሉ፣ የቡልዶግስ ሴቶች ቡድን በ2018 የሴቶቹን ሊግ ዋንጫ በልቷል፣ ሴት ልጆች ያላችሁ ወላጆች ይሄን ንገሯቸው። ጽሑፉ ለልጆቻችን ጊዜ መጨነቁ ጥሩ ነው፣ ስለ ትምህርታቸው ከሆነ አብሬው እጨነቃለሁ፣ ግን እግር ኳስም ያው ጊዜ ይወስዳል'ኮ፣ ልዩነቱ የት ነው?

ከቤቨሪጅ ይልቅ ምን ይቀየር ለምትሉኝ፣ ሦስት ነገር ነው የምጠይቀው፦ ኳስ ይዘን ስንወጣ ከሃፍባኮቹ ሁለቱ እንዳይወጡ ጠበቅ ያለ ትእዛዝ ይሰጥ፣ ሴንተር ባውንስ በተከታታይ ሁለት ጊዜ ስንሸነፍ ከአማካዮቹ አንዱ ኳስ ፍለጋውን ትቶ የተቃራኒውን ምርጥ ሰው ብቻ ይያዝ፣ የሚቀጥለው ትልቁ ምልመላም ረጅም ተከላካይ ላይ ይዋል። ሲዝኑ ሲከፈት እኔም ወንድማችንም አንድ ስታዲየም ውስጥ ነው የምንሆነው፣ ዴል ኳስ ይዞ ሲሮጥ ኳሷን ትቶ ከኋላው የቀረውን ይቁጠር፣ ሁለት ሰው ካየ ጨዋታው ሲያልቅ ስለ ቤቨሪጅ ደግመን እናውራ።